የመጀመሪያ ማራቶን በዲሲ ወበቅ፦ በሰመር ለሚዘጋጁ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኦክቶበር መጨረሻ ከአርሊንግተን የሚነሳው የማሪን ኮር ማራቶን በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖር ጀማሪ ሯጭ ጥሩ ምርጫ ነው። የገንዘብ ሽልማት የለውም፤ አብዛኛው ሰው የሚመጣው ለመጨረስ ነው፤ በውድድሩ ቀንም አየሩ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። አስቸጋሪው ዝግጅቱ ነው። የ18 ሳምንት ልምምድ ጁን ማብቂያ ላይ ስለሚጀመር ግማሽ ያህሉ ከዓመቱ ከባድ ወበቅ ጋር ይገጥማል። መልሶቹ የተጻፉት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ ለማያውቅ፣ ነገር ግን አሁን በሳምንት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይጎዳ መሮጥ ለሚችል ሰው ነው። እዚያ ያልደረሰ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ወር መሠረት ይጣል።

አዲስ አበባ ሳለሁ እንደ ልቤ እሮጥ ነበር። እዚህ ሦስት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ለምን እዝላለሁ?

አቅምዎ ስለጠፋ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ቢሆንም ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ላብም ቶሎ ይደርቃል። ዲሲ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም፤ ኦክስጅን እንደ ልብ ነው። የሚያደክምዎ የሙቀቱ መውጫ ማጣት ነው።

ሲሮጡ ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሰውነት ይህን ሙቀት በዋናነት የሚያስወጣው ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ነው። ልብ ይበሉ፦ የሚያቀዘቅዘው የተነነው ላብ እንጂ መሬት ላይ የተንጠባጠበው አይደለም። በጁላይ የዲሲ ቀን በአማካይ ወደ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ሌሊቱም እንኳ ከ22 ወይም ከ23 ብዙም አይወርድም። አየሩ በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ ላቡ አይተንም። ያኔ ልብ ለሚሮጠው ጡንቻም፣ ሙቀት ለሚያስወጣው ቆዳም ደም ማዳረስ ግድ ይሆንበታል። በዚያው ፍጥነት የልብ ምትዎ በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ጨምሮ የሚያዩት ለዚህ ነው።

ስልኬ ላይ የትኛውን ቁጥር ልይ? ሙቀቱን ወይስ የእርጥበቱን መቶኛ?

የእርጥበት መቶኛው ያሳስታል። ንጋት ላይ 90 በመቶ ሆኖ አየሩ ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ ከሰዓት በኋላ 50 በመቶ ሆኖ ደግሞ ያፍናል። መታየት ያለበት ዲው ፖይንት (በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ጤዛ የሚለወጥበት የሙቀት መጠን) የሚባለው ነው፤ አብዛኞቹ የአየር ሁኔታ መተግበሪያዎች ያሳዩታል። በፋረንሃይት ከ60 በታች ከሆነ እንደ ልብዎ ይሩጡ። 65 ላይ መክበድ ይጀምራል። ከ70 በላይ ማንም ሯጭ ይቸገራል። ከ75 በላይ በሆነበት ቀን አጭርና ቀላል ሩጫ ብቻ።

ፍጥነቴን ምን ያህል ልቀንስ?

በአሰልጣኞች ዘንድ የተለመደ ቀላል ስሌት አለ። የአየሩን ሙቀትና ዲው ፖይንቱን በፋረንሃይት ይደምሩ። ድምሩ 100 እና ከዚያ በታች ከሆነ የሚቀነስ ነገር የለም። ከ130 እስከ 140 ከሆነ 2 ወይም 3 በመቶ፣ ከ150 እስከ 160 ከሆነ 5 ወይም 6 በመቶ፣ ከ170 እስከ 180 ከሆነ ከ8 እስከ 10 በመቶ ይዘግዩ። ከ180 ካለፈ ፈጣን ልምምድ የለም። ለምሳሌ በጁላይ ንጋት 78 ዲግሪና ዲው ፖይንት 73 ቢሆን ድምሩ 151 ነው። በቀዝቃዛ ቀን አንድ ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው ያን ቀን 7 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ቢሮጥ ልፋቱ ያው ነው። ይህ ስሌት የተሻለ ልምድ ላላቸው ስለሚስማማ ጀማሪ ከዚህም በላይ ቢዘገይ ትክክል ነው።

ስሌት ካልወደዱ በንግግር ይለኩ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃተዎት ፈጥነዋል። አቀበት ላይ መራመድም ይቻላል፤ ዘጠኝ ደቂቃ ሮጦ አንድ ደቂቃ መራመድ ደግሞ በሰመር ለረጅም ሩጫ የምንመክረው ዘዴ ነው። ብዙ ጀማሪ ሰመሩን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ሰዓቱ ላይ የሚያየው ቁጥር ያሳፍረውና ይጨምራል፣ በማግስቱ ይዝላል፣ በሦስተኛው ሳምንት ቁርጭምጭሚቱን ወይም ቅልጥሙን ይዞ ይቀመጣል። በጁላይ መዘግየት በኦክቶበር አያስከፍልም።

ሰውነቴ ሙቀቱን ለመልመድ ስንት ቀን ይፈልጋል?

ከ10 እስከ 14 ቀን፣ በየቀኑ ወይም ቀን በሌላ ቀን ሙቀት ውስጥ ከተንቀሳቀሱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም ፈሳሹ መጠን ይጨምራል፤ የልብ ምት ይረጋጋል። ቀጥሎ ላብ ቶሎ ይጀምራል፣ ይበዛል፣ ጨዉም ይቀንሳል። ቲሸርትዎ ላይ የሚቀረው ነጭ የጨው ካርታ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲደበዝዝ ያዩታል።

በ20 ደቂቃ ሶምሶማ ይጀምሩ፤ በየሁለት ቀኑ አምስት ወይም አስር ደቂቃ ይጨምሩ፤ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ፈጣን ልምምድ አይሞክሩ። ሙሉ ቀን ኤሲ ውስጥ የሚሠራ፣ ኤሲ ባለው መኪና የሚሄድና ኤሲ ውስጥ የሚተኛ ሰው የሚለምደው ያቺ የሚሮጥባት ሰዓት ላይ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ሊዘገይበት ይችላል። የተለመደው ሙቀት ካቋረጡት በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ለክረምት ዕረፍት ሄደው ኦገስት ላይ የሚመለሱ ከሆነ እንደገና ከዜሮ መልመድ ይኖርብዎታል።

የሳምንቱ ልምምድ ምን ይመስላል?

አራት ቀን ይበቃል። ሁለቱ ቀን ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ አንዱ ቀን በመጠኑ የሚገፋ፣ አንዱ ቀን ረጅም። የሚገፋው ቀን በሰመር እንዲህ ይሁን፦ 15 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ከዚያ ስድስት ጊዜ ሦስት ሦስት ደቂቃ ጠንከር ያለ ሩጫ በመካከሉ ሁለት ሁለት ደቂቃ እየተራመዱ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ማብረጃ። ሁለት ቀን ለ15 ደቂቃ እግርና ወገብ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨምሩ።

ረጅሙ ሩጫ ከመጀመሪያው ሳምንት በኪሎ ሜትር እንዲህ ይሄዳል፦ 12፣ 14፣ 15፣ 11፣ 16፣ 18፣ 19፣ 14፣ 21፣ 23፣ 18፣ 26፣ 28፣ 21፣ 32፣ 24፣ 15፣ ከዚያ ውድድሩ። ልዩነቱን ያስተውሉ፦ ወበቁ በሚከፋባቸው በጁላይና በኦገስት መጀመሪያ ከ19 አያልፍም፤ 26፣ 28 እና 32 የሚመጡት አየሩ መብረድ በሚጀምርበት በሴፕቴምበርና በኦክቶበር መጀመሪያ ነው። ቁጥሩ የወረደባቸው ሳምንታት የማገገሚያ ናቸው፤ አይዝለሏቸው። አንድ ሳምንት በሕመም ወይም በሥራ ቢያመልጥዎ ትተውት ይለፉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለማካካስ መሞከር ጉዳት መጥራት ነው። ለሀገሩ ምልክት እንዲመችዎ፦ አንድ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ነው፤ 32 ኪሎ ሜትር 20 ማይል ማለት ነው።

በየትኛው ሰዓትና የት ልሩጥ?

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም ስልክዎ 5:30 ሲል። ከቀኑ ሰዓት ሁሉ ሙቀቱ ዝቅተኛ የሚሆነው ያኔ ነው፤ ፀሐይም የለችም። በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው በ5:43 ገደማ ነው፤ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ግን ወደ 7:00 ስለሚገፋ የራስ መብራትና የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ያስፈልጋል። ማታ የሚሮጥ ሰው ሦስት ነገር ይጋፈጣል፦ አስፋልቱ ቀኑን ሙሉ የዋጠውን ሙቀት ይተፋል፤ ከሰዓት በኋላ የተከማቸው ኦዞን ሳንባን ያቃጥላል፤ የሰመር ነጎድጓድም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። የአየር ጥራቱ ኮድ ኦሬንጅ በተባለበት ቀን አስም ያለበት ሰው ውጭ አይሩጥ። ነጎድጓድ ከሰሙ ቤት ይግቡ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠብቁ።

ቦታውን በተመለከተ ጥላ ከርቀት ይበልጣል። ከጆርጅታውን የሚነሳው የሲ ኤንድ ኦ ካናል መንገድ ሜዳ፣ ጥላ ያለውና ለእግር የሚለሰልስ አፈር ነው። ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ የቢች ድራይቭ የላይኛው ክፍል ለመኪና ዝግ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ለረጅም ሩጫ ምርጥ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ላሉ ስላይጎ ክሪክ ይቀርባል። አሌክሳንድሪያ ላሉት ማውንት ቨርነን ትሬይል ርቀቱ ቢያመችም አየር ማረፊያው አጠገብ ያለው ክፍል ፀሐይ የሚያነደው ነው፤ እዚያ በጠዋት ይለፉ። የትም ይሁን ከአንድ አቅጣጫ ሄዶ ከመመለስ ከመኪናዎ አጠገብ የሚያልፍ የ5 ኪሎ ሜትር ዙር ይምረጡ። በበረዶ ሳጥን ውስጥ ሁለት ጠርሙስና እርጥብ ፎጣ ካስቀመጡ በየዙሩ ያገኙታል፤ ካልተመቸዎትም ለማቋረጥ ሩቅ አይሆኑም።

ውሃ ምን ያህል ልጠጣ?

የሁሉም ሰው ላብ ስለሚለያይ ይለኩት። ሽንት ሸንተው፣ ልብስ አውልቀው ይመዘኑ። አንድ ሰዓት ይሩጡ፤ የጠጡትን ይመዝግቡ። ላብዎን ጠርገው እንደገና ይመዘኑ። የቀነሰው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ነው፤ ሚዛንዎ በፓውንድ ከሆነ አንድ ፓውንድ 450 ሚሊ ሊትር ይሁን። ለምሳሌ ከ70 ኪሎ ወደ 68.9 ወርደው በመካከሉ ግማሽ ሊትር ከጠጡ በሰዓት 1.6 ሊትር አልቦዎታል። በጁላይ አንድ ጊዜ፣ በሴፕቴምበር ሌላ ጊዜ ይለኩ፤ ሁለቱ አይገናኙም።

የወጣውን ሁሉ በሩጫ ላይ መተካት አይቻልም፣ አያስፈልግምም፤ ሆድ አይቀበለውም። በሰዓት ከ400 እስከ 800 ሚሊ ሊትር፣ በየ15 ደቂቃው ጥቂት ጉንጭ፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ክብደትዎ ከ2 በመቶ በላይ እንዳይወርድ ብቻ ይጠንቀቁ። የቀረውን ከሩጫ በኋላ ባሉት ሰዓታት ከምግብ ጋር ቀስ ብለው ይተኩ።

በጣም ብዙ መጠጣትም ይገድላል። ክብደቱ ሩጫ ላይ የጨመረ ሰው ከላቡ በላይ ጠጥቷል ማለት ነው፤ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጣት ማበጥ፣ ከባሰም መቃዠትና መንቀጥቀጥ ይመጣል። ለዚህ የሚጋለጡት አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብለው የሚሮጡና በየውሃ ጣቢያው የሚጠጡ ጀማሪዎች ናቸው። ሲጠማዎት ይጠጡ፤ በግድ አይጠጡ።

ጨውና ስኳርስ? የሚገዛው መጠጥ ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም። እስከ አንድ ሰዓት ለሚደርስ ሩጫ ውሃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሚሄድ፦ አንድ ሊትር ውሃ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ይህ ወደ 600 ሚሊ ግራም ሶዲየምና 50 ግራም ገደማ ስኳር ይሰጣል። ስኳሩን ከዚህ ካበዙት ከሆድ አይወርድም፣ ይገለብጥዎታል።

ከ90 ደቂቃ በላይ ሲሮጡ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። አንድ ጄል (በትንሽ ከረጢት የሚሸጥ፣ ሯጮች የሚውጡት ወፍራም የስኳር ፈሳሽ) ከ20 እስከ 25 ግራም ይይዛል፤ ሁልጊዜ በውሃ ይዋጥ። አንድ ትልቅ ቴምርም ከ15 ግራም በላይ ስኳር አለው። በሶ ከሩጫ በፊት ወደር የለውም፦ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ በማርና በውሃ በጥብጠው ከ90 ደቂቃ በፊት ይጠጡ። በሩጫ መካከል ግን ወፍራምና አሰር ያለው ስለሆነ ሆድ ይነፋል። ውድድሩ ቀን የሚወስዱትን ሁሉ በረጃጅሞቹ ሩጫዎች ይሞክሩት፤ ያን ቀን አዲስ ነገር አይቅመሱ።

ቡናስ? ይጠጡ። የለመደ ሰው ከሩጫ አንድ ሰዓት በፊት አንድ ሲኒ ቢጠጣ አያደርቀውም።

የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾም ከልምምዱ ጋር ይጋጫል። እንዴት ላድርግ?

በዚህ ፕሮግራም የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 4 (ጁላይ 11)፣ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ 15 (ከኦገስት 7 እስከ 21) ይውላል። ጾሙ ሥጋና ወተት መተው ብቻ ከሆነ ሩጫን አያግድም፤ ሽሮ፣ ምስርና ጤፍ እንጀራ በቂ ኃይልና ፕሮቲን ይሰጣሉ፣ መጠኑን ብቻ ይጨምሩ። የምስርንና የጤፍን ብረት ሰውነት በተሻለ እንዲወስደው ሎሚ ወይም ቲማቲም ይጨምሩበት፤ ቡናና ሻይን ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርቁ። በየወሩ ብዙ ደም የሚፈሳቸው ሴቶች ልምምዱን ሳይጀምሩ የብረት ክምችታቸውን በደም ምርመራ ቢያዩ መልካም ነው።

የሚያሰጋው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ መቆየቱ ነው። ንጋት ላይ ሮጦ አንድ ሊትር ተኩል ያላበ ሰው እስከ ከሰዓት በኋላ ምንም ሳይጠጣ ኤሲ በሌለው ቦታ ቢሠራ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት ሩጫውን ያዙሩት፦ ከቅዳሴ በኋላ ይጠጡ፣ ቀለል ያለ ነገር ይብሉ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይተው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሩጡ፣ ከዚያ እራት። ቅዳሜና እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መብላት ስለሚቻል ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ ማታ ላይ ያድርጉት። የፍልሰታን የፈጣን ልምምድ ቀን ሙሉ በሙሉ ይሰርዙ፤ በቀላል ሩጫ ይተኩት። ሕመም ያለበት ወይም መድኃኒት የሚወስድ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር።

የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። መቼ ልሩጥ?

ከሥራ ሲወጡ፣ ከመተኛትዎ በፊት፣ ፀሐይ ሳትበረታ። ቀላል ሩጫ ብቻ ይሁን። ፈጣኑንና ረጅሙን ከእረፍት ቀንዎ ሁለተኛ ጠዋት ላይ ያድርጉ፤ አንድ ሌሊት ተኝተው መሆን አለበት። ከስድስት ሰዓት በታች ተኝተው በሙቀት 20 ኪሎ ሜትር አይሞክሩ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሙቀት የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ኡበር ወይም ታክሲ ለሚነዱ ደግሞ፦ መቀመጥ የሚያሳጥረውን ዳሌና የኋላ ጭን በየሁለት ሰዓቱ ወርደው ያፍታቱ።

ልብስ፣ ጫማና መፋቅ?

ጥጥ አይልበሱ፤ ላቡን ይዞ ይከብዳል፣ ቆዳ ይልጣል። ስስ፣ ነጣ ያለ፣ ሰፋ ያለ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን። ረጅም እጅጌ ወይም ሂጃብ የሚለብሱ ስስ የስፖርት ጨርቅ መርጠው በየውሃው ቦታ ቢያርሱት ያቀዘቅዛል። ጭን ለጭን፣ ብብት፣ ጡት ጫፍና የጡት መያዣ ጠርዝ ላይ ከሩጫ በፊት ቫዝሊን በብዛት ይቀቡ። እግር በሙቀት ስለሚያብጥ ጫማ በግማሽ ቁጥር ይጨምር፤ ከትልቁ ጣት ፊት የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ክፍት ይሁን። አንድ ጥንድ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በላብ የራሰ ጫማ በአንድ ቀን ስለማይደርቅ ሁለት ጥንድ ቢያፈራርቁ ይሻላል፤ ጋዜጣ ወጥረውበት ያሳድሩት፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አይክተቱት።

ሰመሩን ሁሉ ትሬድሚል ላይ ብጨርሰውስ?

ለከፋ ቀን ይጠቀሙበት። ሁሉንም እዚያ ካደረጉት ግን ሙቀት አይለምዱም፤ ኦክቶበር ሞቆ ከተገኘ ይቸገራሉ። በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ውጭ ይውጡ።

ማቆም ያለብኝ መቼ ነው?

ብርድ ብርድ ካለዎት፣ የቆዳዎ ፀጉር ከቆመ፣ ካዞርዎት ወይም ካቅለሸለሸዎት ያን ጊዜውኑ ያቁሙ። ጥላ ውስጥ እግርዎን ከፍ አድርገው ይተኙ፣ ውሃ ሰውነትዎ ላይ ያፍስሱ፣ ቀስ ብለው ይጠጡ። በ20 ደቂቃ ካልተሻለዎት ሕክምና ይሂዱ።

ሯጩ የሚናገረው ከተምታታ፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ያለ ምክንያት ከተቆጣ ወይም ከወደቀ ሂት ስትሮክ (ሰውነት ከመጠን በላይ ግሎ አንጎል የሚታወክበት አደገኛ ሁኔታ) ሊሆን ይችላል። ላብ እየፈሰሰውም ቢሆን ይህ ይከሰታል፤ «ቆዳው አልደረቀም» ብለው አይዘናጉ። 911 ይደውሉ፤ አምቡላንስ እስኪመጣ አይጠብቁ፣ ያቀዝቅዙት። ራሱን ከውሃው በላይ ይዘው በረዷማ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ መንከር ከሁሉ ይበልጣል። ካልተገኘ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከሩ ፎጣዎች መላ ሰውነቱ ላይ እየቀያየሩ፣ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ በረዶ ያድርጉ። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አያጠጡ። የሚያተርፈው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ መቀዝቀዙ ነው።

ከሩጫ በኋላ ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረና ጡንቻዎ ከተገቢው በላይ ካመመ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን ሊዘጋ ይችላል። በዚሁ ምክንያት ከረጅም የሙቀት ሩጫ በፊትም ሆነ በመካከሉ አድቪል ወይም ሌላ አይቡፕሮፌን አይውሰዱ። ለደም ግፊት ሽንት የሚያስሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

በውድድሩ ቀን በምን ፍጥነት ልነሳ? ድልድዩ ያስፈራኛል።

የማሪን ኮር ማራቶን የሚጠይቀው አንድ ማይል በ14 ደቂቃ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሜትር በ8 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ገደማ ነው። 20ኛው ማይል አካባቢ ያለውን የ14ኛ ጎዳና ድልድይ በተወሰነለት ሰዓት ያልደረሰ ሯጭ ከውድድሩ ይወጣል፤ የዓመቱን ትክክለኛ ሰዓት ከተሳታፊዎች መመሪያ ላይ ይዩ። ሰመሩን በዝግታ የሠራ ሰው ኦክቶበር ላይ አየሩ ሲበርድ በዚያው ልፋት ፈጥኖ ራሱን ያገኘዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ማይሎች አቀበት ስላለባቸው ግን ያንን ትርፍ እዚያ አያጥፉት። እስከ ግማሽ ድረስ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ ይሂዱ። ድልድዩ ጥላ የለውም፤ ከመድረስዎ በፊት ባለው የውሃ ጣቢያ አንድ ጄል ውጠው፣ አንድ ኩባያ ጠጥተው፣ ፀሐይ ካለ ሁለተኛውን ኩባያ አንገትዎና ራስዎ ላይ ያፍስሱት። ጠዋቱ ላይ ሙቀቱና ዲው ፖይንቱ ሲደመሩ ከ130 በላይ ከሆነ ያሰቡትን ሰዓት ገና መነሻው መስመር ላይ ሳሉ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ያራዝሙት።